ፍም የማይደርስበት ቤት

አንድ ባለጸጋ አንዲት ባልቴት በደለ። የበደላትም ቤት ሠርቶ በመስጠት ነው።

አትሳቅ አንዳርጌ። ጠይቀኸኛልና እየመለስኩልህ ነው። «እትዬ የሻረግ፣ መሬቱ በነጻ ተገኝቷል፣ ቆርቆሮው ተፈቅዷል፣ ለስልሳ ችግረኞች በርካሽ ቤት ልንሠራላቸው ነው፤ ታዲያ ሰዎቹ አንሄድም የሚሉት ምን ቢጠግቡ ነው?» ብለህ ጽፈህልኛል። ከደብዳቤህ ጋር የላክኸውን የቀበሌውን የቤት ዕቅድም አነበብኩት። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት ከመጣ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ወረቀት እጄ ሲገባ አንድም መስመር አልዘልም። ዕቅድህ ውስጥ «ተጠቃሚ» የሚለው ቃል አርባ አንድ ጊዜ አለ። «ጎረቤት» የሚለው አንድም ጊዜ የለም። እንግዲህ ስማ።

ባለጸጋው ከአንድ የገጠር መንደር ተወልዶ፣ ወደ ገበያው ከተማ ወጥቶ የከበረ ነጋዴ ነበር። ጨው ይሸጣል፣ ዘይት ይሸጣል፣ ክብሪት በካርቶን ያከፋፍላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ ምሳሌው አንተን ስለማይመለከትህ ነው።

ባልቴቷ ደግሞ በዚያው መንደር ባሏ ሲሞት መሬቱን የባሏ ዘመዶች የተካፈሉባት፣ በጎረቤቷ ጓሮ ጥግ፣ አጥር ተደግፋ በቆመች ደሳሳ ጎጆ የምትኖር ሴት ነበረች። ጎጆዋ ታፈሳለች። ክረምት ሲገባ አንዱን ጥግ ለዝናቡ ትለቅና በሌላው ጥግ ትተኛለች። ጎረቤቷ ግን ሁለት ላሞች፣ እሳት የማይጠፋበት ምድጃ፣ ከእኔም የባሰ ምላስ ነበራት።

ሁለቱ ሴቶች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ልማዱ የመንደሩም ነው። ባልቴቷ በየማለዳው ገል ይዛ ወደ ጎረቤቷ ምድጃ ትሄዳለች። ገል የተሰበረ ሸክላ ስባሪ ነው፤ ከተማ ስላደግህ ነው የምነግርህ። በገሉ ላይ ፍም ትጭራለች፣ ትመለሳለች፣ የራሷን ምድጃ ታቀጣጥላለች። ክብሪት የለም ወይ ትለኛለህ። አለ። ክብሪት ግን እሳት እንጂ ወሬ አያመጣም። ፍም ልትጭር የሄደች ሴት የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ልጅ ትኩሳት እንደያዘው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ሰምታ ትመለሳለች። ዋናው ደግሞ ይህ ነው፤ ፍም ልትጭር ያልመጣች ዕለት ታማለች ማለት ነው። ጎረቤቷ ጠሉ ሳይረግፍ ሄዳ በሩን ትገፋዋለች። በዚያ መንደር ማንም ሰው ሳይታወቅለት ሁለት ቀን ታሞ አያውቅም።

አንድ ቀን ባለጸጋው ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ጎጆዋን አየ። ባልቴቷ ከእናቱ ጋር ምንጭ የወረደች፣ እሱንም በጨቅላነቱ ያዘለችው ሴት ናት። «እኔ እያለሁ!» አለ። እዚያው ቆሞ ለእሷና በመንደሩ በሰው ጥግ ለሚኖሩ ሌሎች ዘጠኝ ችግረኞች የቆርቆሮ ቤት እንደሚሠራ ቃል ገባ። መንደሩ እልል አለ። ቢልም ይገባዋል።

ከዚያ ቦታ መፈለግ መጣ። በመንደሩ ውስጥ ቦታ ማግኘት ደጅ መጥናት ነው። አንዱ ዱባ ተክሎበታል፣ አንዱ ጥጃ ያስርበታል፣ ሌላው «አያቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ ነው» ይላል። ከመንደሩ በላይ ግን ራቁቱን የቆመ አንድ ተረተር አለ። ድንጋይ ስለሆነ አይታረስም፣ ነፋስ ስለሚመታው ከብት አይውልበትም፣ ይገባኛል የሚል ሰውም የለውም። አናቱ ሜዳ ነው፤ ገመድ ወጥሮ በረድፍ ለመሥራት ይመቻል። ደግሞም ከአውራ ጎዳናው ይታያል። መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የቆርቆሮውን ብልጭታ አይቶ «የማን ሥራ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ባለጸጋው ይህችን ነገር ለማንም አልተናገራትም። አስቧት ግን ነበር።

የመንደሩ ሽማግሌዎች «ደቦ ይጠራ፣ ጭቃውን እኛው እንርገጠው፣ ግድግዳውን እኛው እንምረገው» አሉት። «ደቦ ይዘገያል፣ ደቦ ይበላል፣ ደቦ ያወራል» ብሎ ከከተማ ቅጥረኞች አመጣ። መጀመሪያ የባልቴቷ ቤት ተሠራ፤ የዘጠኙ ከክረምት በኋላ ይቀጥላል ተባለ። እውነቱን እንነጋገርና ቤቱ ጥሩ ነበር። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ መስኮቱ የሚዘጋ።

ቁልፉን ሊያስረክባት ሲመጣ ባልቴቷ ሽቅብ ወደ ተረተሩ አየች፤ ከዚያ ዞር ብላ የጎረቤቷን ደጅ አየች።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ብቻ... ከሰው አልራቀም?»

ባለጸጋው ሳቀ። «እማማ፣ ከዝናብ የሚያድንሽ ጣራ ካገኘሽ ምን ቀረሽ? ሌላው ቅንጦት ነው።»

ባልቴቷ ቁልፉን ተቀበለች። አንዳርጌ፣ «ቅንጦት» የምትለዋን ቃል ያዛት፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ባለጸጋው በዚያው ዕለት አሮጌዋን ጎጆ «ዓይን ታስጠላለች» ብሎ አስፈረሳት። የበደሉ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ሰው አዲስ ቤት ገብቶ ባይስማማው ወደ አሮጌው ይመለሳል፤ እሷ መመለሻ አልተተወላትም። ጎረቤቷ ባዶውን ቦታ ማየት ቢከብዳት ጊዜ ዱባ ተከለችበት።

ባልቴቷ ተረተሩ ላይ ወጣች። በመጀመሪያው ማለዳ እንደ ልማዷ ገሏን ይዛ ወረደች፣ ፍም ጫረች፣ ሽቅብ መለስ አለች። ከዳገቱ እኩሌታ ላይ አንድ ቀይ ድንጋይ አለ። እዚያ ስትደርስ ፍሙ ከሰመ። በማግሥቱም እዚያው ከሰመ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ እምቢ አለና ክብሪት ገዛች። ከማን? ከባለጸጋው ሱቅ ነዋ! ከዚያ ወዲያ ወደ መንደሩ የምትወርደው ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ ሆነ።

ነሐሴ ገባ። ጉሙ ተረተሩን ዋጠው፤ ከመንደሩ ቀና ቢሉ ቤት ያለ አይመስልም። ባልቴቷን ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ ትኩሳቱ ጣላት። ክብሪቱ በጉሙ ረጥቦ አልጫር አላት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ማንም አላወቀም። ማንስ በምን ይወቅ? ማለዳ መምጣቷ ከቀረ ወራት ሆኖታል፤ ያልመጣችበትን ቀን ከሌላው ቀን የሚለየው ነገር የለም። ጣራው አላፈሰሰም። ይህን አልክድም። በደረቅ ቤት ውስጥ ለመሞት ተቃርባ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስትቀር ጎረቤቷ ልብ አለች። ፍም በገል አድርጋ ዳገቱን ተያያዘችው። ፍሙ ቀይ ድንጋዩ ዘንድ ከሰመ። ስትደርስ ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ባልቴቷም ከምድጃው እምብዛም አትሻልም። ጎረቤቷ አዝላ አወረደቻት። መንገዱን ሙሉ ተረተሩንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ነጋዴውንም እየተሳደበች ነው የወረደችው። «እዚያ ሰው አይሰፍርም፤ ጭልፊት ነው የሚሰፍረው!» ትላለች። ከዚያ ሁለት ሳምንት አስታመመቻት።

ባልቴቷ ቀና ስትል ጎረቤቷ ወጥራ ያዘቻት። «ንገሪው» አለቻት።

«አልነግረውም።»

«ምነው፣ ምላስሽን ትኩሳቱ በላው?»

«ዘጠኙስ? ብናገር ይቀየማል፤ ተቀይሞ እጁን ይሰበስባል። እኔስ አንዴ ጣራ አግኝቻለሁ። እነሱ ይህን ክረምት በማን ጥግ እንዳሳለፉት አታዪም?»

«እንግዲያ ዝም በያ።»

«ዝም ካልኩ ደግሞ እነሱንም እዚያ ያወጣቸዋል።»

የባልቴቷ ጭንቅ ይህ ነበር። ብትናገር ዘጠኝ ሰዎች ቤት ያጣሉ፤ ዝም ብትል ዘጠኝ ሰዎች ተረተር ላይ ይወጣሉ። ጤናዋ ሲመለስ ቁልፏን ይዛ ወደ ላይ ሄደች። ሄዳም አሰበች።

ጥቅምት ሲጠባ ባለጸጋው ቤቱን ሊያስመርቅ ደገሰ። ሰንጋ ጣለ፣ ጠላ አስጠመቀ፣ ከከተማ እንግዶች ጠራ። ለዘጠኙ ቤቶች ችካል ተተክሎ ገመድ ተወጥሮ ነበር፤ ምርቃቱ እንዳበቃ ቁፋሮው ሊጀመር ነው። ዘጠኙ ችግረኞች ከድንኳኑ ጥግ ተኮልኩለው ባልቴቷን ያዩዋታል። ከእነሱ አንዱ ጠጋ ብሎ ጆሮዋ ሥር «እናቴ፣ በሞቴ፣ መርቂው ብቻ» አላት።

ባለጸጋው ተነሣ። «እማማ፣ እንግዲህ መርቂኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ሊል ተሰናዳ።

ባልቴቷ ከነጠላዋ ሥር አንድ ገል አወጣች።

«ጌታዬ፣ ምርቃት አልነፍግዎትም» አለች። «ግን የአገራችንን ልማድ ያውቃሉ። አዲስ ቤት የሚመረቀው እሳት ሲገባበት ነው። እሳቱም ከጎረቤት ምድጃ ይጫራል፤ የሚጭረውም ቤቱን የሠራው ሰው ነው። እኔ እስከ ዛሬ የኖርኩት በሱቅ እሳት ነው። ከጎረቤቴ ፍም ጭረው ያምጡልኝ፤ እመርቅዎታለሁ።»

እንግዶቹ ወደዱት። «እንዴት ያለ ደግ ልማድ ነው!» ተባባሉ። ባለጸጋው ከሠራተኞቹ አንዱን ሊልክ ዞር ሲል አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና «በእጅ አዙር አይሆንም» አለ። ባለጸጋው በእንግዳ ፊት እምቢ ማለት አሳፈረው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ገሉን ተቀብሎ ቁልቁል ወረደ።

ጎረቤቷ ድግሱ ላይ አልነበረችም። «ያንን ዳገት አንዴ ወጥቼዋለሁ፤ ለዕድሜዬ ይበቃኛል» ብላ ከምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አብሮ አደጉ ናት፤ አትፈራውም።

«ምነው? ክብሪት አከፋፋዩ ክብሪት አለቀበት?»

«ቀልዱን ተይና ፍም ስጪኝ። ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«ቁጭ በላ። ፍም የሚጭር ሰው ወሬ ሳይሰማ አይሄድም።»

«ሌላ ቀን።»

ወፈር ያለ ፍም መርጣ ገሉ ላይ አደረገችለት። ወጣ። ቀይ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርስ ፍሙ አመድ ሆነ። ተመለሰ።

«አይ ጉልበት! ደርሰህ መጣህ?» አለችው።

ሁለተኛውን አመድ አልብሳ ሰጠችው። ይኸኛው ከድንጋዩ ጥቂት እልፍ ብሎ ከሰመ። ሦስተኛውን በኩበት አድርጋ ሰጠችው፤ ኩበት እሳት ያቆያል። ባለጸጋው ሮጠ። ሽቅብ መሮጥ ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጫማው ያንሸራትተዋል፣ ጋቢው ይጠልፈዋል፣ ገሉ ግሎ ጣቱን ለበለበው። ቢሆንም አልጣለውም። ኩበቱ ቀይ ድንጋዩን አለፈ፣ የመጨረሻውን አቀበት አለፈ። ተረተሩ አናት ላይ ብቅ ሲል የጥቅምት ነፋስ አገኘውና ቦግ አደረገው፤ ከዚያ አመዱን ጋቢው ላይ በተነበት። በሩ አሥር እርምጃ ሲቀረው።

እንግዶቹ ቆመው ያዩታል። አሁን ማንም አይስቅም። ባለጸጋው የቤቱን በር አየ፣ ገሉን አየ፣ ወደ እንግዶቹ ሳይጠጋ እንደገና ቁልቁል ወረደ። በዚህኛው ጊዜ እሳት አልጠየቀም። ከጎረቤቷ ምድጃ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እናንተ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትወስዱት?» አላት።

«እኛማ ሩቅ አንወስድም።»

ባለጸጋው የተለበለበ ጣቱን ያሻል።

«በነሐሴ ለእኔም አልሆነልኝም» አለችው፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚያው ድንጋዩ ዘንድ ጠፋብኝ። ስደርስ ሦስት ቀን እሳት አልነደደም፤ ውሃ የሚያቀብላት አጥታ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። አዝዬ ነው ያወረድኳት።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ትቀየማለህ ብላ። ተቀይመህ ለዘጠኙ ሳትሠራ ትቀራለህ ብላ። ለራሷማ ቢሆን...» ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረገችው። «ትቀየማለህ?»

ባለጸጋው ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ዘጠኙ ሲመጡ እርስ በርሳቸው ጎረቤት ይሆናሉ ብዬ ነበር» አለ።

«አሥር የቀዘቀዘ ምድጃ ደርድረህ አንድ ፍም ይወጣልሃል? በሬ ያለው፣ ላም ያለው፣ ጉልበት ያለው ሁሉ እዚህ ታች ነው። ደሃን ለብቻው ወስደህ እላይ ብታስቀምጠው ማን ከማን ይዋዋስ?»

ባለጸጋው ተነሥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ዳገቱን ወጣ። ባዶውን ገል ባልቴቷ እግር ሥር አኖረው። «አልደረሰልኝም» አለ፤ ሰው ሁሉ ሰማው። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ብሉ፣ ጠጡ፤ ዛሬ ግን ምርቃት የለም» አላቸው። ይህን በሰው ፊት ማለት ለነጋዴ ቀላል እንዳይመስልህ። ባልቴቷም ጋቢው ላይ ያለውን አመድ በእጇ አራገፈችለት።

በማግሥቱ ማለዳ ባለጸጋው አናጢውን አስከትሎ ጎረቤቷ ደጅ መጣ። ፍም በገል አስጫረና ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ፍሙ ሊከስም ሲል ቆመ፤ አናጢው ችካል ተከለ። ተመልሶ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከዚያ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። በሌላው ዳር ካለ ሌላ ምድጃ ተነሥቶም እንዲሁ አደረገ። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ያየዋል፤ ያበደ የመሰላቸውም ነበሩ። ሲጨርስ «ከእነዚህ ችካሎች ወዲያ ቤት አልሠራም» አለ።

«የባልቴቷ ቦታ የቀድሞው ቦታዋ ነው» አለና ወደ ዱባው አመለከተ።

«ዱባዬስ?» አለች ጎረቤቷ።

«ሌላ ቦታ ትተክዪዋለሽ።»

«አያችሁት! አሁን ደግሞ ዱባውን ተረተር ላይ ሊያወጣው ነው!»

ያን ቀን መንደሩ የሳቀውን ያህል ስቆ አያውቅም። ዱባዋን ግን ራሷ ለቀመችው፤ ቀቅላም ለደቦው አቀረበችው። እሷ ከሰጠች በኋላ ሌላውም አፈረ። የጥጃ ማሰሪያው ተሰጠ፣ የአያት አደራውም ከጥጉ ተቆረሰ። ሽማግሌዎቹ «ዛሬ ሰጥታችሁ ነገ እንዳታባርሩ» ብለው ሰጪዎቹን አንድ በአንድ በምስክር ፊት አስማሏቸው፣ ጽሑፍም ተጻፈ። አንዱ ቤት ከግራር ሥር ገባ፣ አንዱ ከአጥር ጀርባ፣ አንዱ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ።

«ኧረ ምንም ረድፍ የለውም!» አለ ባለጸጋው አንገቱን እየነቀነቀ።

«ጥርስ ነው እንዴ በረድፍ የሚበቅለው?» አለችው ጎረቤቷ።

ደቦው ወጣ። የተረተሩን ቤት ምስማር በምስማር ነቀሉት። ቆርቆሮው በሰዎች ራስ ላይ ሆኖ እያብለጨለጨ ቁልቁል ሲወርድ ከአውራ ጎዳናው ታየ፤ መኪናውን አቁሞ «ይህ ደግሞ የማን ሥራ ነው?» ብሎ የጠየቀም ነበር አሉ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰነበተ፣ ተረገጠ። ባለጸጋውም ጫማውን አውልቆ ገባበት። ደቦው፣ እሱው እንዳለው፣ ዘገየ፣ በላ፣ አወራ። ሲያወራ ግን ባልቴቷ የደጇን ደፍ ዝቅ ያለ እንደምትወድ፣ አንዱ ሽባ ደገፍ የሚልበት እንጨት እንደሚያሻው፣ የአንዷ ቤት መስኮት ወደ እህቷ ደጅ ቢከፈት እንደሚሻል ተሰማ። ይህን ከከተማ የመጣ ቅጥረኛ ከየት ይሰማዋል? ድንጋይና ውሃ ሽቅብ ማመላለስ ስለቀረ የተረፈው ገንዘብ ለዘጠኙም የሚቆለፍ በር አስገዛ። ግድግዳው ትንሽ ዘመም ያለ ነው፤ ይህን አልደብቅህም። ክረምት ሲያጥበው ግን ያን ጭቃ በእጁ የመረገ ሰው መልሶ ሊመርገው ይመጣል፤ እጁ አለበትና። ዝናቡ ሳይጥል አሥሩም ቤት ገቡ።

ባልቴቷ በገባች በማግሥቱ፣ ማለዳ፣ ባለጸጋው ሊጠይቃት መጣ። እሷ ገና ከጎረቤቷ መመለሷ ነው። ገሉ በእጇ ነው፣ ፍሙ ደም መስሏል፤ መንገዱ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ባለጸጋው ከደፉ ውጭ ቆመ። እንደ ድሮው መግባት ከበደው።

«አሁንስ? አሁንስ ምን ትያለሽ?» አላት።

መልሷን ትንሽ ላቆይብህ ነው አንዳርጌ፤ መጀመሪያ ዋጋህን ልስጥህ።

ባለጸጋው አንተ ነህ። አትቆጣ፤ ክፉ ሰው አይደለም ብዬሃለሁ። ተረተሩ ያ በነጻ አገኘሁት ያልከው ሜዳ ነው። መሬት በነጻ ሲሰጥህ ማን አጥቶት እንደሆነ ሳይሆን ማን ለምን ትቶት እንደሆነ ጠይቅ። ርካሽ ቤት ብለህ ጽፈሃል። ርካሽነቱ ለአንተ ነው፤ የቀረውን ሴትየዋ በየማለዳው በጉልበቷ ትከፍለዋለች፣ በነሐሴ ደግሞ በነፍሷ። ስልሳዎቹ ጠግበው አይደለም አንሄድም ያሉህ። ፍሙ የት ድረስ እንደሚደርስ ያውቁታል፤ ያወቁትን መናገር ነው የቸገራቸው፤ ቢናገሩ ቆርቆሮውን ታስቀርባቸዋለህና። ስለዚህ አታስቀርባቸው። ችካልህን ይዘህ ወደ ሜዳው ከመውጣትህ በፊት እያንዳንዱን «ማለዳ የማንን ደጅ ትረግጣለህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ቤቱን ከዚያ ደጅ ፍም በሚደርስበት ሥራው። ረድፍ አይኖረውም። ከመንገድ አይታይም። ዕቅድህንም እንደገና መጻፍ ይኖርብሃል፤ ስትጽፍ ላክልኝ፣ አንብቤ እመልስልሃለሁ።

አሁን የባልቴቷ መልስ። ያን ሁሉ ጊዜ «ጌታዬ» ነበር የምትለው። ያን ማለዳ ግን ጎንበስ ብላ ፍሙን ምድጃው ውስጥ ገለበጠች፣ እፍ አለችው፣ እሳቱ ሲይዝ ቀና አለችና እንዲህ አለችው፦

«ይኸውልህ ልጄ፣ ቅንጦቴ ይህ ነው፤ ግባና ሙቅ።»